ከችግኙና ከደብተሩ በፊት፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማኅበራዊ ኃላፊነትና የሠራተኛ ብዝኃነት

መግቢያ

«የድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት» የሚለውን ርዕስ ክፍል ውስጥ የተማርነው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ያኔ ለፈተና ያህል ሸምድጄ አለፍኩት እንጂ ብዙም ልብ አላልኩትም። ልብ ያስባለኝ ሦስተኛ ዓመት ላይ ለተግባራዊ ልምምድ ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ተመድቤ ሄጄ ያየሁት ጉዳይ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ የማነሳው ነገር በአንድ ቢሮ ብቻ የሚታይ አይመስለኝምና።

በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ ያጋጠመኝን እናገራለሁ። ቀጥሎ ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከግል ኩባንያ በምን እንደሚለይ፣ የሠራተኛ ብዝኃነት ከዚህ ጋር ምን እንደሚያገናኘው፣ የአገራችን ሕግስ ምን እንደሚል በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ። በመጨረሻም እኛ ተማሪዎች ልምምድ ስንወጣ ምን ማየት እንዳለብን ጥቂት ነጥቦችን አስቀምጣለሁ።

1. ያጋጠመኝ ነገር

ልምምዱ ሁለት ወር ነበር። መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ የዓመቱን «የማኅበራዊ ኃላፊነት ሪፖርት» ማሰናዳት ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ነገር የሚያኮራ ነበር። ሠራተኛው ሐምሌ ላይ ወጥቶ ችግኝ ተክሏል፤ መስከረም ላይ ለአንድ ትምህርት ቤት ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጥቷል፤ ደም ተለግሷል፤ ለአረጋውያን ምሳ ተዘጋጅቷል። ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ አለው። እኔም ፎቶውን ከጽሑፉ ጋር እያገናኘሁ ስጠርዝ ሰነበትኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ለአንድ ክፍት የሥራ መደብ የጽሑፍ ፈተና ተጠራ። ፈተናው የሚሰጠው አራተኛ ፎቅ ላይ ባለው አዳራሽ ነው። ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል። እኔ ታች በሩ ላይ ቆሜ የተፈታኞችን መታወቂያ እያየሁ በስማቸው አንጻር ምልክት እንዳደርግ ታዘዝኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል አንዲት ወጣት በሁለት ክራንች ተደግፋ መጣች። ስሟ ዝርዝሩ ላይ አለ። ደረጃውን ቀና ብላ አየችና «ስንተኛ ፎቅ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። የጥበቃ ሠራተኞቹ ቅን ሰዎች ናቸውና «ተሸክመን እናውጣሽ» አሏት። «ልትሸከሙኝ አልመጣሁም፣ ልፈተን ነው የመጣሁት» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «ወንድሜ፣ እዚህ ታች አንድ ክፍል ካለ እስቲ ጠይቅልኝ» አለችኝ።

እየሮጥኩ ወጣሁ። የክፍሉ አንጋፋ ባለሙያ፣ እኛ ተለማማጆቹ ጋሼ የምንላቸው፣ «ፈተናው ሊጀመር ነው፤ ለአንድ ሰው ብለን ሌላ ፈታኝ መመደብ አንችልም፤ በሰዓቱ ካልገባች አልተገኘችም ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እኔን ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የታያቸው የፈተናው ሥርዓት እንዳይበላሽ ብቻ ነው። ወርጄ የተባልኩትን ነገርኳት። ምንም አልመለሰችልኝም፤ ክራንቿን አስተካክላ ወጣች። እኔም በስሟ አንጻር «አልተገኘችም» ብዬ ጻፍኩ።

መጥታ ነበር እኮ! ከእኔ ጋር አሥር ደቂቃ ያህል ቆማ ተነጋግራለች። በመዝገቡ ግን አልተገኘችም። የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሪፖርቱ ስመለስ ከገጾቹ በአንዱ ላይ መሥሪያ ቤቱ ለአካል ጉዳተኞች ሁለት ዊልቸር ሲያስረክብ የተነሣ ፎቶ ነበር። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ያጻፉኝ እነዚህ ሁለት ወረቀቶች ናቸው፤ ሪፖርቱና የስም ዝርዝሩ።

2. ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲባል

ሐሳቡን በዘመናዊ መልኩ በመጽሐፍ ካስቀመጡት መካከል ቀዳሚ የሚባለው አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ሐዋርድ ቦወን ነው፤ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። የቦወን ጥያቄ ቀላል ነው። ትልልቅ ድርጅቶች የሚወስኑት ውሳኔ የብዙ ሰው ኑሮ የሚነካ ከሆነ፣ ሲወስኑ የኅብረተሰቡን ዓላማና እሴት ማሰብ የለባቸውም ወይ?

ይህን አጥብቆ የተቃወመው ሚልተን ፍሪድማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ታዋቂ ጽሑፍ የኩባንያ ኃላፊነት በሕግና በጨዋ ደንብ ውስጥ ሆኖ ማትረፍ ነው አለ። ሥራ አስኪያጁ የባለ አክሲዮኖችን ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ካዋለው፣ የሌላውን ሰው ገንዘብ በራሱ ፈቃድ እየሰጠ ነው፤ ማንም ሳይመርጠው ግብር እንደሚጥልና እንደሚያከፋፍል የመንግሥት ሹም ሆነ ማለት ነው የሚል ነው ክርክሩ።

በሁለቱ መካከል ነገሩን በደረጃ ያስቀመጠልን አርቺ ካሮል ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ባቀረበው ፒራሚድ ኃላፊነትን በአራት ከፍሎታል። መሠረቱ ኢኮኖሚያዊ ኃላፊነት ነው፤ ድርጅቱ በእግሩ መቆም አለበት። ከዚያ በላይ ሕጋዊ ኃላፊነት ይመጣል። ቀጥሎ የሥነ ምግባር ኃላፊነት፣ ማለትም ሕግ ባያስገድድም ትክክል የሆነውን ማድረግ። ጫፉ ላይ ያለው በጎ አድራጎት ነው። ልብ በሉ፤ ደብተርና ችግኝ የሚገኙት ጫፉ ላይ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 አይ.ኤስ.ኦ. 26000 የተባለውን መመሪያ አውጥቷል። ይህ ሰነድ የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ሳይሆን አቅጣጫ የሚያሳይ ብቻ ነው። ለእኛ ትምህርት ክፍል ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ሰነዱ «የኩባንያ» የሚለውን ቃል ትቶ «ማኅበራዊ ኃላፊነት» ብቻ ይላል፤ ምክንያቱም ለማንኛውም ዓይነት ድርጅት፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤትም ጭምር እንዲያገለግል ታስቦ ነው። ከሚዘረዝራቸው ሰባት ዋና ጉዳዮች ውስጥ የድርጅት አመራር፣ ሰብዓዊ መብት፣ የሠራተኛ አያያዝ፣ አካባቢ፣ ፍትሐዊ አሠራር፣ የተገልጋይ ጉዳይና የማኅበረሰብ ተሳትፎ ይገኛሉ። የማኅበረሰብ ተሳትፎ ከሰባቱ አንዱ ነው እንጂ ሁሉም አይደለም።

3. የመንግሥት መሥሪያ ቤት በምን ይለያል?

በእኔ አስተያየት ልዩነቱ ቢያንስ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ገንዘቡ የሕዝብ ነው። የፍሪድማን ክርክር በኩባንያ ላይ ያከራክር ይሆናል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ ግን ይበልጥ ይሠራል። በጀቱ ከግብር የተገኘ ስለሆነ ቢሮው «ለገሥኩ» ሲል የለገሠው የራሱን አይደለም። ከሠራተኛው ደመወዝ በመዋጮ ከሆነ ደግሞ የለገሠው ሠራተኛው ነው፤ ያውም በፈቃዱ ከሆነ።

ሁለተኛ፣ ተገልጋዩ ሌላ አማራጭ የለውም። አንድ ሱቅ በደንብ ካላስተናገደኝ ወደ ጎረቤቱ ሱቅ እሄዳለሁ። መታወቂያ ለማውጣት ወይም ግብር ለመክፈል ግን የት እሄዳለሁ? ያችው አንዲት መስኮት ናት። ስለዚህ መስኮቷ ለማን እንደምትመች የሚለው ጥያቄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሕግ አውጪውና አስከባሪው መንግሥት ራሱ ነው። ራሱ ያወጣውን ሕግ በራሱ ቢሮ ካልፈጸመ የግሉን ቀጣሪ በምን አፉ ይናገራል?

በእነዚህ ምክንያቶች የካሮልን ፒራሚድ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ስንጠቀምበት መሠረቱን መቀየር አለብን። የመሥሪያ ቤቱ መሠረት ትርፍ ሳይሆን የተቋቋመበትን አገልግሎት ለሁሉም በእኩል መስጠት ነው። ሁለተኛው ሕግን መፈጸም ነው። እነዚህ ሁለቱ ሳይሟሉ ጫፉን ማስጌጥ ቤት ሳይሠሩ ጣሪያ እንደ መቀባት ነው።

4. ብዝኃነት ለምን?

ብዝኃነት ሲባል በአገራችን ብዙ ሰው ቶሎ የሚታሰበው የብሔር ጉዳይ ብቻ ነው። ቃሉ ግን ከዚያ ይሰፋል። ጾታ፣ አካል ጉዳት፣ ቋንቋ፣ ሃይማኖት፣ ዕድሜ፣ የገጠርና የከተማ አስተዳደግ ሁሉ ይገባበታል።

በሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ይህን የሚመለከተው ጽንሰ ሐሳብ «ወካይ ቢሮክራሲ» ይባላል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1944 የተጠቀመበት ዶናልድ ኪንግስሊ ነው፤ ያጠናውም የእንግሊዝን ሲቪል ሰርቪስ ነበር። በኋላ ፍሬድሪክ ሞሸር እ.ኤ.አ. በ1968 ሐሳቡን ለሁለት ከፈለው። አንደኛው የሠራተኛው ስብጥር የሕዝቡን ስብጥር መምሰሉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሠራተኛው የመጣበትን ኅብረተሰብ ጥቅምና ችግር በሥራው ላይ ማንጸባረቁ ነው። የመጀመሪያው ኖሮ ሁለተኛው ላይኖር ይችላል። ምን ለማለት ነው? አንዲት ሴት ኃላፊ መሾሟ ብቻውን የሴት ሠራተኞችን ችግር አይፈታም። ይሁን እንጂ ችግሩን የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛው ዙሪያ ከሌለ ችግሩ ጭራሽ አይነሣም።

ወደ እኔ ምሳሌ ልመለስ። የፈተናውን ቦታ የወሰኑት ሁሉ ደረጃ መውጣት የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ማንም «አካል ጉዳተኛ አይፈተን» አላለም። ነገሩ ሐሳባቸው ውስጥ አልገባም፤ በቃ። ከመካከላቸው አንድ በክራንች የሚሄድ ባልደረባ ቢኖር ኖሮ «አራተኛ ፎቅ እንዴት ይሆናል?» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይፈታው ነበር። የብዝኃነት ጥቅም ይኼ ነው፤ ሌላው የማይታየውን የሚያይ ዓይን መጨመር።

በከፍተኛው እርከን አገራችን የሚጠቀስ ታሪክ አላት። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከተሾሙት የካቢኔ አባላት ግማሾቹ ሴቶች ነበሩ፤ በዚያው ወር አምባሳደር ሳህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ቀጥሎም በዚያው ጥቅምት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። ከዚያ ቀደም ብሎ በኅዳር 2008 ዓ.ም. የመንግሥት የልማት ድርጅት የሆነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሙሉ በሙሉ በሴቶች የተመራ በረራ ወደ ባንኮክ አድርጓል። እነዚህ ትልቅ ትርጉም አላቸው። ነገር ግን ከላይ የሚደረግ ሹመት ታች ያለውን የፈተና አዳራሽ በራሱ አያወርደውም።

5. ሕጉ ምን ይላል?

በልምምዱ ጊዜ እጅግ የገረመኝ ሕጉ አለመጥፋቱ ነው። ሕጉማ ሞልቷል።

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 የእኩልነት መብትን ይደነግጋል። በአንቀጽ 35 ሴቶች በታሪክ ከደረሰባቸው የልዩነት ቅርስ የተነሣ በድጋፍ እርምጃዎች ተጠቃሚ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 39 ደግሞ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች በክልልና በፌዴራል አስተዳደሮች ውስጥ ሚዛናዊ ውክልና የማግኘት መብታቸውን ያነሣል።

በሲቪል ሰርቪሱ በኩል በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 515 እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካላቸው ተወዳዳሪዎች መካከል ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ እንዲሁም በመሥሪያ ቤቱ አነስተኛ ተዋጽኦ ላላቸው ብሔረሰቦች አባላት ቅድሚያ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ይህን የተካው የ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1064 የወሊድ ፈቃድን ከ90 ወደ 120 ቀን ከፍ አድርጓል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞች ልጆች ማቆያ እንዲያቋቁሙም አዟል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ጸድቋል። የአዋጆቹ ቁጥር ቢለዋወጥም አቅጣጫው ሰፋ እያለ የመጣ ነው።

እኔን በቀጥታ የነካኝ ግን የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው የ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 568 ነው። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረውን አዋጅ ቁጥር 101 የተካ ነው። በአዋጁ መሠረት የአካል ጉዳተኛን እኩል ዕድል የሚያሰናክል የመምረጫ ሁኔታ አድልዎ ነው። ቀጣሪው «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» የማድረግ ግዴታ አለበት፤ ይህም የሥራ መሣሪያን፣ የሥራ ሰዓትን፣ የሥራ አካባቢን ማስተካከልን ይጨምራል። አስፈላጊ ሲሆን ረዳት መመደብ አለበት። ለሴት አካል ጉዳተኞች በጾታቸውም በጉዳታቸውም የሚደርስባቸውን ድርብ ጫና ያገናዘበ ድጋፍ ማድረግ ይጠበቅበታል። አድልዎ ደረሰብኝ የሚል ሰው ሲከስ የማስረዳት ሸክሙ የሚወድቀው በቀጣሪው ላይ ነው። አዋጁን የጣሰ ከብር 2,000 እስከ 5,000 ይቀጣል። ቅጣቱ ዛሬ ባለው የኑሮ ውድነት ማንንም የሚያስደነግጥ አለመሆኑ ግልጽ ነው፤ ቢሆንም ጥፋት መሆኑን ሕጉ ተናግሯል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው አዟል። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ እኔ «አልተገኘችም» ብዬ ጻፍኩ። አዋጁን ያነበብኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም እዚያው ቢሮ መደርደሪያ ላይ ካለው ነጋሪት ጋዜጣ።

6. «ብቃትስ?»

ይህን ርዕስ ክፍል ውስጥ ባነሣሁ ቁጥር የሚመጣ ጥያቄ ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ «ድጋፍ እየተባለ ብቃት የሌለው ሰው ሊገባ ነው፤ የሚጎዳው ደግሞ ተገልጋዩ ነው» ይላሉ። ጥያቄው መናቅ የለበትም። በተለይ የብሔር ተዋጽኦን በተመለከተ «ውክልና» የሚለው ቃል ለዘመድ አሠራር መሸፈኛ ሊሆን እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን።

መልሴ ሁለት ነው። በመጀመሪያ፣ ከላይ እንደተገለጸው የ1999ኙ አዋጅ ቅድሚያውን የሰጠው ውጤቱ እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆን ነው። ብቃትን አልሻረም። ድጋፍን ከዘመድ አሠራር የሚለየው አሠራሩ ነው። መመዘኛው አስቀድሞ ከተለጠፈ፣ ነጥቡ በጽሑፍ ከተያዘ፣ ቅር ያለው አቤት የሚልበት ቦታ ካለ ድጋፍ ነው። በስልክ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ፈተናውን ራሱን ሳይፈተኑ የቀሩ ሰዎች አሉ። ያቺ ልጅ ነጥብ ይጨመርልኝ አላለችም። ወንበር ያለበት ክፍል ነው የጠየቀችው። ምናልባት ከሁሉም የበለጠ ውጤት ታመጣ ነበር፤ ምናልባትም ትወድቅ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ግን ብቃት ያለውን ሰው መረጥኩ ብሎ በሙሉ አፉ መናገር አይችልም፤ ሁሉንም አልፈተነማ። ስለዚህ እንቅፋትን ማንሣት የብቃት ጠላት አይደለም፤ ብቃትን መለኪያው ነው።

7. ልምምድ ስንወጣ ምን እንይ?

እያንዳንዳችን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መመደባችን አይቀርም። ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ይዛችሁ እንድትገቡ እመክራለሁ።

ሀ) የሥራ ማስታወቂያው የት ይለጠፋል? የማያይ ወይም የማይሰማ ሰው እንዴት ያገኘዋል? «ሙሉ ጤነኛ የሆነ» የሚል ቃል አለው ወይ?

ለ) ፈተናው የሚሰጠው የት ነው? አንባቢ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ወይም ተጨማሪ ሰዓት የሚያስፈልገው ሰው አስቀድሞ የሚያሳውቅበት ቦታ በማመልከቻው ላይ አለ?

ሐ) የሴት ሠራተኞች ቁጥር የሚገለጸው በድምሩ ነው ወይስ በደረጃ? ድምሩ ግማሽ ሆኖ ሴቶቹ ሁሉ በጽሕፈትና በጽዳት መደብ ላይ ከሆኑ ቁጥሩ አንድ ነገር ደብቋል ማለት ነው።

መ) የሕፃናት ማቆያ ክፍሉ አለ? ካለስ ልጅ ነው ያለበት ወይስ አሮጌ ወንበር?

ሠ) ተገልጋዩ የሚመጣው በምን ቋንቋ ነው? በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ከአማርኛ በተጨማሪ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ የሚል ፖሊሲ አጽድቋል። እናንተ ያላችሁበት መስኮት አጠገብ የሚያስረዳ ሰው አለ ወይ?

ረ) የማኅበራዊ ኃላፊነት ሪፖርቱ ስለ ውጭው ብቻ ነው የሚናገረው ወይስ ስለ ውስጡም?

ማጠቃለያ

ልምምዴን ስጨርስ ሪፖርቴ ላይ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ፤ የአዋጁንም ቁጥር ጨመርኩበት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ለዳይሬክተሯ የሰጠሁት። አንብበው «ይህን ለምን በዚያው ቀን አልነገርከኝም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቀጣዩ ፈተና የተሰጠው ምድር ቤት ባለው የስብሰባ ክፍል ነው። ወንበርና ጠረጴዛ ለማውረድ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ለበጀት ጥያቄ የሚበቃ ወጪ አልነበረውም። ጋሼም ራሳቸው ወንበር ሲደረድሩ ነበር። ያቺ ልጅ የተፈተነችበት ቀን ግን አልነበረም፤ የእሷ መደብ በሌላ ሰው ተይዟል።

ከዚህ የምረዳው ይህን ነው። ችግኝ መትከል መልካም ነው፤ ደብተር መስጠትም እንዲሁ። ማንም ይህን ይተው የሚል የለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማኅበራዊ ኃላፊነት ግን የሚጀምረው በራሱ በር ላይ ነው፤ ማን ይገባል፣ ማን ይቀራል፣ የቀረውስ በመዝገቡ ላይ እንዴት ይጻፋል ከሚለው። ነገ ከነገ ወዲያ በእነዚያ ቢሮዎች የምንቀመጠው እኛው ነን። ስም ዝርዝሩን የሚይዘው እጅ የእኛ ነውና «አልተገኘችም» ብለን ከመጻፋችን በፊት መጥታ እንደነበረ እናጣራ።

አስተያየት ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች በሚቀጥለው እትም ብትጽፉበት ውይይቱ ይቀጥላል።